ትራክተር አስፋልት ሲወጣ

እ.ኤ.አ. በ1903 ባርኒ ኦልድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ተወዳዳሪ በክብ መሮጫ ላይ አንድ ማይልን በአንድ ደቂቃ ውስጥ በመጨረስ የመጀመሪያው ሰው ተባለ። በ1933 ደግሞ፣ ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ላይ በሰዓት ከ64 ማይል በላይ፣ ማለትም 103 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። ለመኪና ተወዳዳሪ ይህ በዚያ ዘመን ወሬም አይሆን፤ ነገሩን ወሬ ያደረገው የነዳው የእርሻ ትራክተር መሆኑ ነው።

ትራክተሩ የአሊስ-ቻልመርስ ኩባንያ ምርት ሲሆን ትርኢቱም ጎማ ለማሻሻጥ የተዘጋጀ ነበር። እስከዚያ ድረስ ትራክተር የሚሽከረከረው ጥርስ ባለው የብረት እግር ነው። ጥርሱ አፈር ይቆነጥጣል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን አስፋልቱን ያርሰዋል። ስለዚህ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ጥርሳም ትራክተር በሕዝብ መንገድ እንዳይሄድ ከለከሉ። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው መሻገር የፈለገ ገበሬ ጥርሱን በብረት ቀበቶ ሸፍኖ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በእግረኛ ፍጥነት ይሄድ ነበር። በ1932 የኩባንያው የትራክተር ክፍል ኃላፊ ሃሪ ሜሪት ከጎማ አምራቹ ፋየርስቶን የአውሮፕላን ጎማ አምጥቶ ዊስኮንሲን ውስጥ ዋኪሻ አካባቢ በሚገኝ እርሻ አስሞከረ። ጎማው ሠራ፤ ገበሬው ግን አላመነም። «እሾህ ይበሳዋል፣ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል» የሚል ጥርጣሬ ነበረበት። ኩባንያውም ዝነኛ ሾፌሮችን ቀጥሮ ትራክተሩን በየአውራጃው የገበያ ትርኢት አሽቀዳደመ። ለውድድር የቀረቡት ትራክተሮች ካምቢዮ ለዚሁ ተብሎ የተቀየረ ነበር፤ ገበሬው ገዝቶ የሚወስደው በዚያ ፍጥነት አይሄድም። ቢሆንም ማስታወቂያው ሰመረ፤ 1940 ሲደርስ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ከሚሸጡት ትራክተሮች አብዛኞቹ ባለ ጎማ ሆነዋል።

ጎማው መንገዱን ሲከፍት የመኪና ምኞት ተከተለ። ሚኒያፖሊስ-ሞሊን የተባለው ፋብሪካ በ1938 ዩዲኤልኤክስ የሚባል፣ ዝግ ጋቢና፣ የዝናብ መጥረጊያና ማሞቂያ ያለው ትራክተር ለገበያ አቀረበ። ቀን እርሻ ላይ ውሎ ማታ ባለቤቱን በሰዓት እስከ 40 ማይል እያበረረ ከተማ ያደርሰዋል ተብሎ ነበር። ዋጋው ከ2,100 ዶላር በላይ ነው፤ ከኢኮኖሚ ድቀት ገና በቅጡ ላልወጣ ገበሬ የማይቀመስ። የተመረተው 150 ገደማ ብቻ ነው። የዋጋው ነገር በሰፊው ይነገራል እንጂ ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ መኪና መሰለ እንጂ ከሥሩ ያው ሞላ የሌለው ትራክተር ነው። ለምቾት ተብሎ ተሠርቶ፣ በፈጣን ማርሽ ግን ሾፌሩን ያዘልለው ነበር።

የፈጣን ትራክተር ታሪክ እውነተኛ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ከጥንትም አላነሰም፤ የጎደለው የታችኛው አካል ነው። ተራ ትራክተር ባሌስትራም አሞርዛቶርም የለውም፤ የኋላ አክሱ ከካምቢዮው ጋር በአንድ የተጣበቀ ስለሆነ ንዝረትን የሚያበርደው የጎማው አየር ብቻ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ያ አየር ራሱ ትራክተሩን እንደ ኳስ ማንጠር ይጀምራል፤ የፊት እግሮቹ ከመሬት ሲላቀቁ መሪው ይቀልላል። የብዙዎቹ ፍሬን ደግሞ የኋላ እግሮችን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያውም በግራና በቀኝ ተከፍሎ በሁለት ፔዳል። ማሳ ጫፍ ላይ አንዱን ብቻ ረግጦ በጠባቡ ለመዞር ይህ ግሩም ዘዴ ነው። ሁለቱን ፔዳል በመቆለፊያ ሳያያይዝ አስፋልት የወጣ ሾፌር ግን በድንገት ፍሬን ሲይዝ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዞ ሊገለበጥ ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነገር ወደ 65 ከፍ ሲል ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት ከ2 ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ከኋላ ብዙ ቶን እህል የጫነ ተሳቢ ሲጨመር ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም።

ችግሩን ቀድመው ያዩት ጀርመኖች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ኡኒሞግ የተባለው የእርሻ ተሽከርካሪ ሞላና የአራት እግር ፍሬን ይዞ፣ በ25 የፈረስ ጉልበት ብቻ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀት በሁለት የድንች ትልሞች ስፋት ተለክቶ ነበር የተሠራው። እያደር ግን ወደ ጦር ሠራዊትና ወደ ማዘጋጃ ቤት አጋድሎ ከገበሬው ራቀ።

እንግሊዝ ውስጥ መልሱ የመጣው በቢጫ መቆፈሪያ ማሽኖቹ ከሚታወቀው ጄሲቢ ነው። ኩባንያው እስከዚያ ድረስ ትራክተር ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ ምናልባትም ይኸው ሳይጠቅመው አልቀረም። በ1990 ለንደን በስሚዝፊልድ የግብርና ትርኢት ያቀረበው ፋስትራክ ከፊትም ከኋላም ሞላ፣ በአራቱም እግር ዲስክ ፍሬን፣ በመካከሉ የተቀመጠ ጋቢና ነበረው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ፍጥነት መቆም ይችላል። ነቀፌታ አልቀረለትም። ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ማሳ ጫፍ ላይ የሚያባክነው ጊዜ መንገድ ላይ ያተረፈውን ይበላዋል ያሉ ነበሩ። እውነት አላቸው፤ ኩባንያውም በ1990ዎቹ አጋማሽ በአራቱም እግሩ የሚታጠፍ ሞዴል አወጣ። መሬታቸው በብዙ ኪሎ ሜትር ለተበታተነ ገበሬዎችና ለኪራይ አራሾች ግን ያ የመንገድ ሰዓት ገንዘብ ነው።

ሕጉም ያየው ከሥር ያለውን ነው። የእንግሊዝ ሕግ ተራውን ትራክተር በሰዓት 20 ማይል ሲገድበው፣ ተገቢ ሞላና ፍሬን ላለው ግን እስከ 40 ማይል ፈቅዷል። የተራው ገደብ ወደ 25 ማይል ከፍ ያለው በ2015 ነው። ጀርመን ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ በተገቢው መንጃ ፈቃድ እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትራክተር ይነዳል፤ እስከ 60 ለሚሄደው 18 መሙላት አለበት። ከ60 በላይ እንዲሄድ የተሠራ ትራክተርማ አውቶባን ላይ መውጣትም ይችላል።

በጥቅምት 2019 ጋይ ማርቲን የተባለው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ በተጫነለት ፋስትራክ ዮርክሸር በሚገኝ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ በአማካይ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። ለአምራቹ ጥሩ ማስታወቂያ ነው፤ ለገበሬው የሚጨምርለት ነገር ግን የለም። ከዚያ ይልቅ የሚነካው ሌላ ደንብ አለ፦ ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ትራክተር ለንግድ ጭነት መንገድ ላይ ከዋለ፣ እንደማንኛውም የጭነት መኪና በየዓመቱ ለቴክኒክ ምርመራ ይቀርባል።