ካሜራው ያላያት ተማሪ፦ ቴክኖሎጂን ገልጠው የሚያሳዩ 4 የጥበብ ሥራዎች

አዲስ አፕ ስንጭን «እስማማለሁ» የምትለዋን ሳናነብ ነክተን እናልፋለን። ስልካችን የት እንደዋልን ያውቃል፤ ቲክቶክ ምን እንደሚያስቀን ያውቃል፤ ካሜራው ደግሞ ፊታችንን ለይቶ ስልኩን ይከፍትልናል። ይሄ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ግን ከስክሪኑ ጀርባ ነው። የማናየውን ነገር ደግሞ «ለምን?» ብለን ለመጠየቅ ይከብደናል።

ይህን የማይታይ ነገር ዓይን ፊት የሚያመጡ አርቲስቶችና አስተማሪዎች አሉ። ከዳታ መጽሐፍ ያሳትማሉ፣ ስልክ በጋሪ ይገፋሉ፣ መስታወት ይሠራሉ። ዛሬ ከሥራዎቻቸው 4ቱን መርጠን እናስተዋውቃችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እናንተ በክፍል ወይም በክበብ ያለ ምንም ወጪ የምትሞክሯቸውን ነገሮች አስቀምጠናል። (አዋጅ ቁጥር ላይ ካለው በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

1. ነጩ ጭምብል

በ2015 ጆይ ቡኦላምዊኒ የተባለች ጋናዊ-አሜሪካዊት አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ ተማሪ ነበረች። ለአንድ ኮርስ የተለየ መስታወት ልትሠራ ተነሳች። ሐሳቡ ሰው ፊቱን ሲያይ የአንበሳ ወይም የሚያደንቀው ሰው ምስል ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ችግሩ፣ የተጠቀመችበት ፊት የሚለይ ሶፍትዌር የእሷን ፊት አላይም አለ። ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ግን ወዲያው አገኛት!

ነገሩን በዚያ አልተወችውም። አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ጋር ሆና በ2018 አንድ ጥናት አወጣች። ከ3 የአፍሪካና ከ3 የአውሮፓ አገሮች የተውጣጡ የ1,270 የፓርላማ አባላት ፎቶዎችን ሰብስበው፣ የ3 ኩባንያዎች ሶፍትዌር ወንድና ሴት ሲለይ ምን ያህል እንደሚሳሳት ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከ3 ሴት አንዷን ይሳሳታል ማለት ነው።

ለምን? ማሽን የሚማረው ከሚሰጠው ፎቶ ነው። በብዛት የነጭ ወንዶች ፎቶ ከተሰጠው እነሱን በደንብ ይለያል፤ ሌላው ላይ ይደናገራል።

ቡኦላምዊኒ ጥናቱን ወደ ግጥም ቪዲዮም ቀየረችው። ቪዲዮው ላይ ሶፍትዌሮቹ ኦፕራ ዊንፍሬንና ሚሼል ኦባማን የመሰሉ ዓለም የሚያውቃቸውን ሴቶች ጭምር ሲሳሳቱ ይታያል። ጥናቱን የማያነብ ሰው ግጥሙን ያያል።

ይሄ ቀልድ አይደለም። በጥር 2020 በአሜሪካዋ ዲትሮይት አካባቢ አንድ ጥቁር አባት፣ ሶፍትዌር ፊቱን ከሌባ ፊት ጋር ስላምታታው ብቻ፣ ልጆቹ እያዩ በፖሊስ ተይዞ 30 ሰዓት ገደማ ታስሯል። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ የጆርጅ ፍሎይድን ግድያ ተከትሎ ተቃውሞው ሲበረታ፣ አይቢኤም ከፊት መለያ ሥራ እንደሚወጣ አሳወቀ። ማይክሮሶፍት ሕግ እስኪወጣለት ድረስ ለአሜሪካ ፖሊስ እንደማይሸጥ፣ አማዞን ደግሞ ፖሊስ ለ1 ዓመት እንዳይጠቀምበት እንደሚያቆም ተናገሩ።

2. 99 ስልክ በአንድ ጋሪ

በ2020 ሲሞን ቬከርት የተባለ ጀርመናዊ አርቲስት 99 ያገለገሉ ስማርትፎኖችን በትንሽ የእጅ ጋሪ ጭኖ በበርሊን ጎዳና እየጎተተ ዞረ። መንገዱ ባዶ ነበር። ጉግል ማፕ ላይ ግን ያው መንገድ ቀይ ሆነ፤ ከባድ የትራፊክ መጨናነቅ አለ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጉግል ማፕ ሎኬሽናቸው ከበራ ስልኮች ቦታና ፍጥነት ይሰበስባል። ብዙ ስልክ አንድ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ «መኪኖች ቆመዋል» ብሎ ያስባል። ቬከርት ያሳየን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካርታው የሚሠራው ከእኛው ኪስ በሚወጣ መረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ሹፌሩ ካርታውን አምኖ መንገድ ስለሚቀይር፣ ካርታው ሲሳሳት እውነተኛው መንገድም አብሮ ይለወጣል።

3. የፓስወርድ መዝገብ

በ2012 ሊንክድኢን ተጠልፎ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ፓስወርድ ወጣ። አራም ባርቶል የተባለ አርቲስት በበኩሉ ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቁት 4.7 ሚሊዮን ያህሉን በፊደል ተራ አስቀምጦ በ8 ወፋፍራም መጻሕፍት አሳተማቸው። የባለቤቶቹ ስም የለበትም፤ ፓስወርድ ብቻ። ኤግዚቢሽን ላይ የመጣ ሰው መጽሐፉን ገልጦ የራሱን ይፈልጋል።

«ዳታ ሾለከ» የሚል ዜና ሰምተን እናልፋለን። የራሳችንን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ታትሞ ብናገኘው ግን እንደነግጣለን። ትምህርቱም ግልጽ ነው፦ አንድ ፓስወርድ ለቴሌግራምም ለኢሜይልም ለባንክም ከተጠቀማችሁ፣ አንዱ ሲሾልክ ሁሉም ይከፈታል።

4. ሰልፊህን ላክ፣ ስም ይወጣልሃል

ኢሜጅኔት ከ14 ሚሊዮን በላይ ፎቶዎች ያሉት፣ ኤአይ ለማሠልጠን በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራበት ስብስብ ነው። በ2019 አርቲስቱ ትሬቨር ፓግለንና ተመራማሪዋ ኬት ክሮፎርድ፣ የሰው ፎቶዎች ባሉበት ክፍል ኤአይ አሠልጥነው ለሕዝብ ከፈቱት። ሰው ሰልፊውን ሲልክ ማሽኑ መለያ ቃል ይለጥፍበታል። አንዳንዱ ምንም አይልም፤ ለሌላው ግን «ወንጀለኛ» የሚል ወይም ዘርን የሚሰድብ ቃል ይወጣ ነበር።

ስድቡን ማሽኑ አልፈጠረውም። ፎቶዎቹን በጥቂት ሳንቲም እየተከፈላቸው በኢንተርኔት የለጠፉት ሰዎች ናቸው፤ መለያ ቃላቱም ቀድሞ ከነበረ የቃላት ስብስብ የመጡ ናቸው። ጉዳዩ ከተወራ በኋላ የኢሜጅኔት ባለቤቶች በሰው ክፍል ካሉት ፎቶዎች 600,000 እንደሚያስወግዱ አሳወቁ።

ሱቅ የሚመስለው ትምህርት ቤት

እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ሰብስቦ ለማስተማር ከሚታወቁት አንዱ በርሊን የሚገኘው ታክቲካል ቴክ ነው። በ2016 መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ «የመስታወት ክፍል» የሚል ኤግዚቢሽን ከፈተ። ከውጪ ሲታይ የሚያብረቀርቅ የስልክ ሱቅ ነው፤ ውስጡ ግን የሚሸጥ ነገር የለም። ስልካችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ አስተናጋጆቹ የትኛውን ፈቃድ እንደምትዘጉ ያሳዩዋችኋል። በኋላ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ሊለጥፉት የሚችሉት አነስ ያለ ቅጂ ተዘጋጅቶለታል።

እኛ ጋስ?

ለፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡ የ10 ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ትሰጣላችሁ። ፓስወርድ ቢሾልክ ይቀየራል፤ ጣትና ዓይን ግን አይቀየርም። ስለዚህ የሕጉን ስም ያዙ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። አዋጁ ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስህተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መብት መኖሩን የማያውቅ ሰው ግን አይጠይቅም፤ ለማሳወቅ ደግሞ ሥዕልም፣ ቴአትርም፣ ግጥምም ይረዳል።

እስቲ እነዚህን ሞክሯቸው

• የውል ንባብ፦ ከምትጠቀሙባቸው አፖች የአንዱን «የአገልግሎት ውል» ክፈቱና በክፍል ፊት ጮክ ብላችሁ ተራ በተራ አንብቡ። ሰዓት ያዙ። ስንት ደቂቃ ፈጀ? ከመካከላችሁ ስንቱ ገባው?

• ሁለት ስልክ፣ አንድ ቃል፦ ሁለት ጓደኛሞች ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ይፈልጉ። ለእያንዳንዳችሁ የመጡትን የመጀመሪያ 10 ቪዲዮዎች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጎን ለጎን ስቀሉ። ልዩነቱን አልጎሪዝሙ ከምን ያመጣው ይመስላችኋል?

• የፈቃድ ካርታ፦ የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ካሜራ፣ ማይክና ሎኬሽን የፈቀዳችሁላቸውን አፖች እዩ። መሐል ላይ ራሳችሁን ሳሉ፤ ለእያንዳንዱ አፕ ከእናንተ የሚወጣ መስመር አስምሩ። ከዚያ የማያስፈልገውን ፈቃድ ዝጉና መስመሩን ሰርዙ። የእጅ ባትሪ አፕ ሎኬሽናችሁን ምን ያደርግለታል?

ለሦስቱም የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶና እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ነው። የአይሲቲ ወይም የሥነ ጥበብ መምህር ከሆናችሁ ሦስቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ አትጨርሷቸውም፤ ከፈቃድ ካርታው ጀምሩ፣ ተማሪው ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ቢያንስ አንድ ነገር ዘግቶ ይወጣል።