ሦስተኛው ባለቤት፦ የትንሿ ፈጣን መኪና ሃምሳ ዓመት

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቁመው አድማ ሲመቱ ቁጣቸውን የቀሰቀሰው የቤንዚን ዋጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአብዮቱን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ዱላው የወደቀው ግን አዲስ አበባ ላይ ብቻ አልነበረም። የጥቅምቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ያስከተለው የነዳጅ ማዕቀብ ሀብታሟን ጀርመንን እንኳ በ1973 መገባደጃ አራት እሑዶችን ያለ መኪና እንድትውል አስገድዷታል። ሰዎች በአውቶባኑ ላይ በእግርና በብስክሌት ሲንሸራሸሩ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች የዚያን ጊዜ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው፣ እንግሊዞች «ሆት ሃች» የሚሏት ትንሽ ግን ፈጣን መኪና የተጸነሰችው በዚሁ የነዳጅ ጭንቅ መካከል ነው። ሃችባክ ማለት የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ የዕቃና የሰው ቦታዋ ያልተለያየ መኪና ናት። አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ቪትዝ ሃችባክ ናት። «ሆት» የምትባለው ፋብሪካው ራሱ ጉልበት ያለው ሞተር፣ የተሻለ ፍሬንና ጠንከር ያለ ሞላ ሲገጥምላት ነው። አንድ ጎረምሳ በሰፈር ጋራዥ ማርሜታ ያስቀየረላት መኪና ሌላ ነገር ናት። ይህ ልዩነት ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቮልስዋገን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊወድቅ የተቃረበ ኩባንያ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ የኖረው በዋናነት በአንዲት መኪና፣ የአዲስ አበባ ሰው «ቮልስ» በሚላት፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር በሚቀዘቅዘው ነው። ዘመኗ ሲያልፍ በቦታዋ የመጣችው ጎልፍ በ1974 ከፋብሪካ ወጣች፤ ሞተሯ ከፊት፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ የፊት ጎማዎቿን የሚያሽከረክር። ቅርጿን የሳለው ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ኩባንያውን ማትረፍ የነበረባት ይህች የቤተሰብ መኪና ስለነበረች፣ የአለቆቹ ጭንቀት ፍጥነት አልነበረም።

አልፎንስ ሎወንበርግ የተባለ የኩባንያው መሐንዲስ ግን ስፖርታዊ መኪና ይሠራ የሚል ማስታወሻ ለባልደረቦቹ ላከ። ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ከመካከላቸው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው አንቶን ኮንራድም ነበር። ሥራው በይፋ የተፈቀደ አልነበረም፤ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን በዝምታ ሠሩት። ውጤቱ በመስከረም 1975 በፍራንክፈርት የመኪና ኤግዚቢሽን ታየ፣ በሰኔ 1976 ገበያ ላይ ዋለ። ጎልፍ ጂቲአይ ተባለች። ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ 810 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰዓት 182 ኪሎ ሜትር፣ ዋጋዋ 13,850 ማርክ። ኩባንያው 5,000 ያህል ብትሸጥ ይበቃኛል ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460,000 በላይ ተሸጠ። የማርሽ እጀታዋን እንደ ጎልፍ ኳስ አድርጋ የሠራችው፣ ለወንበሩም ያንን ባለ መስመር የስኮትላንድ ጨርቅ የመረጠችው ጉንሂልድ ሊልየኲስት ነበረች። ባለ መስመር ጨርቁ ዛሬም አልቀረም፤ ከነገሩ ሁሉ በጣም የቆየው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከጎልፍ በፊት ማንም አልሞከረም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ኩፐር በ1961 ሚኒን አሻሽሎ ሚኒ ኩፐርን አስወጥቶ ነበር፤ መኪናዋ የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1964፣ 1965 እና 1967 አሸንፋለች። ፈረንሳዮቹና ጣሊያኖቹም የየራሳቸው ነበራቸው። ጎልፍ የለወጠችው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ፈጣን መኪና የሚፈልግ ሰው ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን፣ ዝናብ የምታስገባዋንና ጋራዥ ውሎ የምታድረውን ይገዛ ነበር፤ ስለዚህ ሌላ የቤት መኪናም ያስፈልገው ነበር። ጂቲአይ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት የገበያ ዕቃ ትጭናለች፣ ማታ በአውቶባኑ ግራ መስመር ላይ መርሴዲስን መንገድ ታስለቅቃለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ተረት መታረም አለበት። «የድሃው ስፖርት መኪና» ትባላለች። 13,850 ማርክ ግን የድሃ ገንዘብ አልነበረም። አዲሷን የገዛው የጥርስ ሐኪሙ ወይም ደህና ደመወዝ ያለው መሐንዲስ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ እጅ የገባችው በሰባተኛውና በአሥረኛው ዓመቷ፣ ሁለትና ሦስት ባለቤት ካለፈባት በኋላ ነው። የሆት ሃች ታሪክ በእውነት ሲነገር የሦስተኛው ባለቤት ታሪክ ነው፤ ችግሩም ሁሉ የሚጀምረው እሱ ዘንድ ነው።

በ1984 የፈረንሳይዋ ፔዦ 205 ጂቲአይ መጣች። ብዙ ጋዜጠኞች እስከ ዛሬ ከሁሉም የሚያስቀድሟት እሷን ነው። ቀላል ናት፤ መሪዋ መንገዱን ለእጅ ይናገራል። ግን ኩርባ መሐል ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ለሚያነሣ ሰው ኋላዋ ይከዳዋል። ለልምድ አልባ ጎረምሳ የምትሰጥ መኪና አልነበረችም። የምትደርሰው ደግሞ ለእሱ ነበር።

ብሪታንያ ይህን በከባድ መንገድ ተማረች። በ1980ዎቹ መጨረሻ የነዚህ መኪኖች የበር ቁልፍ በቀላሉ ይከፈት ነበር፤ ሞተሩም ሁለት ሽቦ በማገናኘት ይነሣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝና ዌልስ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መኪና ይሰረቅ ነበር። ብዙዎቹ የሚሰረቁት ለመሸጥ ሳይሆን ለአንድ ሌሊት ለመንዳት ነው። በ1991 የበጋ መጨረሻ በኦክስፎርድ ብላክበርድ ሊይዝ ሰፈር ወጣቶች በተሰረቁ መኪኖች ለተሰበሰበ ሕዝብ ትርኢት ያሳዩ ነበር፤ ፖሊስ ሊያስቆም ሲገባ ረብሻ ተነሣ። በዚያው መስከረም በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በሜዶ ዌል፣ በተሰረቀ መኪና ከፖሊስ ሲሸሹ ሁለት ወጣቶች ሞቱና ሰፈሩ ነደደ። እነዚያ ሰፈሮች ሥራ አጥነት ያደቀቃቸው ነበሩ፤ መኪናዋ ክብሪት እንጂ ጭድ አልነበረችም። ፓርላማው ግን ሥራ ማምጣት ስላልቻለ በ1992 የተሰረቀ መኪናን በአደገኛ ሁኔታ መንዳትን ለይቶ የሚቀጣ ሕግ አወጣ።

ከሕጉ ይልቅ የመታው ኢንሹራንሱ ነው። ኩባንያዎቹ እነዚህን መኪኖች ከፍተኛው የአደጋ ምድብ ውስጥ አስገቧቸው። የሃያ ዓመት ልጅ የሚጠየቀው የዓመት አረቦን ከመኪናዋ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ መጣ። ፋብሪካዎቹም ሸሹ፤ ጂቲአይ የሚለው ምልክት በብዙ ሞዴሎች ላይ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁኔታውን የለወጠው ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ትክክለኛው ቁልፍ ካልገባ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርገው ኢሞቢላይዘር ከጥቅምት 1998 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ለአዲስ መኪኖች ግዴታ ሆነ። ሌባው ሽቦ ማገናኘቱ ዋጋ አጣ፤ ሆት ሃችም ተመለሰች።

ዛሬ በመጠነኛ ገንዘብ ያገለገለች ሆት ሃች የሚፈልግ ሰው፣ ለንደን ይሁን ፍራንክፈርት፣ ዓይኑን መጣል ያለበት ከዚያ ምላሽ ወዲህ በተሠሩት ላይ ነው። የ1980ዎቹ መኪኖች የሰብሳቢ ዕቃ ሆነዋል፤ ዋጋቸውም እንደዚያው።

ከ2001 ጀምሮ በእንግሊዝ ስዊንደን የተሠራችው ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ባለ 2 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ቱርቦ የላትም። የታይሚንግ ሥራው በየጊዜው በሚቀየር ቺንጊያ ሳይሆን በካቴና ነው፤ ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረ ሞተሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። ስትፈተሽ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ የሚንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ ካምቢዮው ደክሟል። የዚያው ዘመን ሬኖ ክሊዮ 172 እና 182 ከሲቪክ ይረክሳሉ፣ ለመንዳትም ምናልባት ይበልጣሉ፤ ግን ቺንጊያቸው በየአምስት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ ሥራውም ልዩ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ውድ ነው። የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ከዋጋው መቀነስ ነው። ሻጩ «ጓደኛዬ ቀይሮታል» ካለ ደግሞ አመስግኖ መሄድ።

ከ2005 በኋላ ቱርቦና ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሥርዓት ሲመጣ ጉልበቱ ጨመረ፣ አስተማማኝነቱ ግን ተንገዳገደ። በአምስተኛዋ ጎልፍ ጂቲአይ ላይ የነዳጅ ፓምፑን የሚገፋው ትንሽ ክፍል ያልቃል፤ ሳይታይ ከቆየ ካምሻፍቱን ይበላል። በስድስተኛዋ ደግሞ የካቴናው መወጠሪያ ሲለቅ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል። ፔዦና ቢኤምደብልዩ አብረው የነደፉት፣ በፔዦ 207 እና በሁለተኛው ትውልድ ሚኒ ኩፐር ኤስ ውስጥ ያለው ባለ 1.6 ቱርቦ በካቴና ችግርና በጥላሸት ስሙ የጠፋ ነው። እነዚህ መኪኖች ርካሽ ሆነው ሲገኙ ርካሽ የሆኑበት ምክንያት አለ።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ከሁሉም የተሻለችው ብዙም ወሬ የሌላት ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ናት። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጣችው በ125፣ በ2012 የመጣችው በ136 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለቱም ባለ 1.6 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ፣ ባለ ካቴና። በቀጥታ መንገድ ላይ ማንንም አታስደነግጥም። ግን ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ ፍሬንና ጎማ አትበላም፣ ቤንዚንም አትጨርስም፣ ኢንሹራንሷም ከሌሎቹ ይቀላል። ለሦስተኛ ባለቤት የተሠራች ትመስላለች።

ሞዴሉ ከተመረጠ በኋላ ያችን አንዷን መኪና መመርመር ይቀራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ገዢው ራሱ ያስነሣው፤ አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ድምፅ አለ። አራቱ ጎማዎች ደህና ስም ያላቸውና አንድ ዓይነት ከሆኑ ባለቤቱ ገንዘብ አልሰሰተም ማለት ነው። ሞተሩና ሞላው የተነካካ መኪና፣ ከላይ የተባለው የሰፈር ጋራዥ ሥራ፣ በዚህ ገበያ ዋጋ መቀነሻ እንጂ መጨመሪያ አይደለም። በብሪታንያ ደግሞ የሰሌዳ ቁጥሩን በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በማስገባት ብቻ የዓመታዊ ምርመራውን ታሪክ ከነኪሎ ሜትሩ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ኪሎ ሜትር ያስመለሰ ደላላ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ለንደን የሚኖሩ ሐበሾች አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለባቸው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በሁሉም የከተማዋ ወረዳዎች የዩሮ 4 ደረጃን የማታሟላ የቤንዚን መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ትከፍላለች። ከ2006 በፊት የተሠራች ከሆነች ሳያጣሩ መግዛት አደጋ ነው።

ምርጫው ከዚህ በኋላ እየጠበበ ነው የሚሄደው። የአውሮፓ ኅብረት አንድ ፋብሪካ የሚሸጣቸው አዳዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ95 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳያወጡ ወሰነ፤ ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ ቅጣት ጣለ። ከትንሽ መኪና የሚገኘው ትርፍ ይህን አይችልም። ፎርድ ፊየስታን፣ ለዓመታት በብሪታንያ ቀዳሚ የነበረችውን ከነፈጣን ዝርያዋ፣ በሐምሌ 2023 ማምረት አቆመ። በምትካቸው የሚመጡት የኤሌክትሪክ ሃችባኮች ጉልበታቸው አስደናቂ ነው፤ ኤምጂ 4 ኤክስፓወር ከ400 በላይ የፈረስ ጉልበት አላት፣ ክብደቷ ግን ከመጀመሪያዋ ጂቲአይ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ሦስተኛው ባለቤት በባትሪዋ ምን እንደሚገጥመው ገና አልታየም። ቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተከለከለባት ኢትዮጵያም ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሲቪኮቹ የተሠሩበት የስዊንደን ፋብሪካ በሐምሌ 2021 ተዘጋ። ቦታውን የገዛው የመጋዘን አልሚ ኩባንያ ነው።