የስታርደስት ፊደላት
ብረት፣ ቀለምና አምፖል፤ ዊንቸስተር፣ ላስ ቬጋስ አቅራቢያ፤ 1968 እ.ኤ.አ.

ጉም በሚለብሱ ደሴቶች ዳርቻ የመብራት ማማ መርከበኛውን ከዐለት ይጠብቃል። ባሕር በሌለበት በዚህ በረሃ ደግሞ የሌሊት መንገደኛን ከሩቅ የሚጠሩት የሆቴል መብራቶች ነበሩ። በ1958 ለተከፈተው ስታርደስት ሆቴል ፖል ሚለር የነደፈው፣ እነዚህ ፊደላት የነበሩበት ምልክት 57 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው።

ቀረብ ብለው ይመልከቱ፦ የፊደላቱ ጠርዝ እንደ መብረቅ የሾለ ነው፤ በገጻቸው የተደረደሩት ቀዳዳዎችም የአምፖል መቀመጫዎች ናቸው። በ1991 እነዚህ ፊደላት ወርደው ቀጥ ባሉ ፊደላት ተተኩ። ሆቴሉ በ2006 ተዘጋ፤ በ2007 ፈረሰ። አምፖሎቹ ቢጠፉም፣ ለአሥርት ዓመታት የሌሊቱን መንገደኛ «ደረስክ» ሲሉ የኖሩት ፊደላት በኒዮን ሙዚየም ተጠብቀዋል።