ሳክስፎን፣ ሽለላና ያልተጻፈው ኮንሰርቶ

ኮንሰርትና ኮንሰርቶ ብዙ ጊዜ ይምታቱብናል። ኮንሰርት ሕዝብ ተሰብስቦ ሙዚቃ የሚያዳምጥበት ዝግጅት ነው። ኮንሰርቶ ግን አንድ ተጫዋች ከሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ቆሞ የሚነጋገርበት፣ አንዳንዴም የሚሟገትበት የሙዚቃ ድርሰት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች አዲስ የተደረሰ የሳክስፎን ኮንሰርቶ ከቻይኮቭስኪ ወይም ከብራምስ ሲምፎኒ ጋር በአንድ ምሽት ሲቀርብ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አዲሱን ብቻ ለመስማት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ አዘጋጆቹ የታወቀውን ይዘው ያልታወቀውን ያስደምጣሉ። የእኛ ሰው ጎመኑን ከሥጋው ጋር እንደሚያቀርበው መሆኑ ነው። እኔ ግን ስለዚህ ዓይነት ምሽት ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ የይፋቱ ሰው ጌታቸው መኩሪያ ናቸው።

ነገሩን ከመሣሪያው ልጀምር። ሳክስፎንን የፈጠረው የቤልጂጉ ተወላጅ አዶልፍ ሳክስ ነው። የፈረንሳዩ የሙዚቃ ደራሲ ቤርሊዮዝ እ.ኤ.አ. በ1842 በጋዜጣ ላይ አወድሶ ጻፈለት። በ1846 ሳክስ በፓሪስ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዘመኑ የሮማንቲክ ሙዚቃ ያበበበት ዘመን ስለነበረ፣ ሳክስፎን የሮማንቲክ ዘመን ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና የዚያ ዘመን ኦርኬስትራ ቋሚ ወንበር አልሰጠውም። ተቀናቃኝ መሣሪያ ሠሪዎች ሳክስን ለዓመታት በፍርድ ቤት አመላለሱት። መሣሪያው የተጠለለው በፈረንሳይ ጦር ባንድ ውስጥ ነው። ቢዜ እ.ኤ.አ. በ1872 ለአንድ ቴአትር በጻፈው ሙዚቃ ውስጥ አስገብቶታል፤ ሌሎችም አልፎ አልፎ ጋብዘውታል፤ ከእንግድነት ግን አልወጣም። የሮማንቲኮቹ የመጨረሻ ወራሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ግላዙኖቭ፣ ለአልቶ ሳክስፎንና ለባለ አውታር ኦርኬስትራ ኮንሰርቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1934፣ በስደት ፓሪስ ተቀምጦ፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። እንግዲህ ዛሬ የሳክስፎን ኮንሰርቶ ከሮማንቲክ ሥራዎች ጎን ሲቀርብ፣ ከቤት ተባሮ የኖረ ልጅ ከወንድሞቹ ጋር ለማዕድ እንደመቅረብ ያለ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣም መንገዱ የወታደር መንገድ ነው። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ነበር። እምቢልታን ልብ ይሏል። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ብዙ ነፊዎች ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። የኦርኬስትራ ሥርዓት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ወርዶ፣ የዓድዋም ድል ከተገኘ በኋላ፣ ከሩሲያው ንጉሥ ከዳግማዊ ኒኮላስ የናስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። አርባ ልጆች ተባሉ። ኬቮርክ ለንግሥ በዓሉ የተሰማውን የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተስፋፉ፤ ሳክስፎንም በእነዚህ ባንዶች ቤተኛ ሆነ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የአምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን ጣዕማቸውን ሳያጡ ለትልቅ ኦርኬስትራ እንዴት እንደሚቀናበሩ ዕድሜ ልካቸውን ሠሩበት። ይህ ውለታቸው እስከ ዛሬ ተገቢውን ያህል አልተነገረላቸውም።

ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔት፣ ከዚያም ወደ ቴነር ሳክስፎን ተሻገሩ። በአሥራዎቹ ዕድሜ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ተቀጠሩ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ወደዚያ ተዛወሩ፤ ኋላም በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ አገለገሉ። ትልቁ ሥራቸው በ1940ዎቹ የተጀመረ ነው። ሽለላንና ፉከራን፣ ያውም ተዋጊው ከዘመቻ በፊት በቃሉ የሚያሰማውን፣ ወስደው በሳክስፎን ነፉት። ቃሉ ቀረ፤ ቁጣው፣ ማስፈራራቱ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር መቆየቱ ግን አልቀረም። መድረክ ላይ ሲወጡም የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው ነበር። የውጭ አድማጮች በአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ከተባለው ከእነ ኦርኔት ኮልማንና ከእነ አልበርት አይለር ጋር ያመሳስሏቸዋል። ማመሳሰሉ አይከፋም፤ ነገር ግን ጋሽ ጌታቸው ሽለላን መንፋት ሲጀምሩ የእነዚያ ሰዎች ሸክላ ገና አልወጣም ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቁጭቴ። በዚያው ዘመን ኦርኬስትራ ነበረን። ቅኝታችንን የሚያውቅ አቀናባሪ ነበረን። በምዕራቡ ትምህርት የሰለጠነ የሙዚቃ ደራሲም ነበረን፤ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን የመንግሥት ኦርኬስትራ መርተው የራሳቸውን ድርሰት አሰምተዋል። ሃንጋሪ የሄዱት እንዲያው አይመስለኝም። ኮዳይና ባርቶክ የገበሬውን ዘፈን ከየመንደሩ ለቅመው ወደ ኦርኬስትራ ያስገቡበት አገር ነው። ብቸኛውም ተጫዋች እዚሁ ነበሩ፤ ከቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ መካከል ተቀምጠው። አራቱ አንድ ላይ ተገናኝተው ለሽለላ ኮንሰርቶ አልበቁም።

አንዳንድ ወዳጆቼ ሽለላ ከኦርኬስትራ ጋር አይሄድም ይሉኛል። ሽለላ ልክ ባለው ምት አይገዛም፤ ኦርኬስትራ ደግሞ ያለ ምት አይንቀሳቀስም ነው ክርክራቸው። እውነት አለው። የእኔን መልስ ያገኘሁት ግን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው። ወር በገባ በ16 ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ባሕር ዛፉን ይዞ የወጣና በማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ወገን ይቀበላል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም፤ ዜማው የሚሄደው በመሪው ትንፋሽ እንጂ በምት አይደለም። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮው ይገባል፤ በመረግድ እየሞቀ ሄዶ በጽፋት ይፈጥናል፤ ሴቶቹ በእልልታ ያጅቡታል። ነጻ ዜማና ልከኛ ምት በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሲገናኙ እነሆ። ቅዱሱን ከዘፈን ጋር አደባለቅህ የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ የማወራው ስለ አደራደሩ ብቻ ነው።

በኮንሰርቶም ቢሆን ለዚህ ቦታ አለው። ካዴንዛ የሚባል ክፍል አለ፤ ኦርኬስትራው በሙሉ ዝም ይልና ብቸኛው ተጫዋች ያለ ምት፣ እንደ ፈቀደው፣ ችሎታውን ያሳያል። በሮማንቲኮቹ ኮንሰርቶ ውስጥ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሽለላ ግን ከዳር እስከ ዳር ካዴንዛ ነው። ደራሲው ልማዱን ገልብጦ ብቸኛውን ዋና፣ ኦርኬስትራውን ተቀባይ ቢያደርገው፣ በአንድ ፎካሪ ዙሪያ ቆሞ እንደሚያጅበው ሕዝብ ቢያቆመው፣ ምቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል ብዬ አምናለሁ። ቫዮሊኖቹ እንደ እምቢልታ ነፊዎች አንድ አንድ ድምፅ ይዘው ቢቀባበሉ ደግሞ እንዴት በሆነ!

ጋሽ ጌታቸው በመጨረሻ ከሌሎች ጋር ሲናገሩ ተሰምተዋል፤ የጋበዟቸው ግን የሩቅ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከቦስተን የመጣው አይዘር ኦርኬስትራ የተባለ ቡድን አዲስ አበባ ላይ አብሯቸው ተጫወተ፤ ቀረጻውም ወጥቷል። በ2006 ደግሞ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን አሳተሙ። እነዚያ ፈረንጆች በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ውስጥ ሽለላውን ሳይገሩ፣ እንደ አመጣጡ እንዲያልፍ ሲለቁት ስሰማ ተደንቄያለሁ፤ ትንሽም ቀንቻለሁ። ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ በስድስት ኪሎ በኩል በያሬድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው የመሣሪያ ልምምድ ይሰማል። ከዚያው ቤት ወጥቶ በሶፍያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ቅኝቶቻችንን ለፒያኖ ሲደርስ ኖሯል፤ ስለዚህ በር የለም አይባልም። የሳክስፎን ኮንሰርቶ የሚጽፍ ወጣት ቢነሣ አንድ ችግር ይጠብቀዋል፤ ሽለላን በኖታ መጻፍ። ምቱን ልጻፍ ቢል ይሞትበታል። እንደ እኔ ከሆነ ኦርኬስትራውን በየመስመሩ በጥንቃቄ ጽፎ፣ የሳክስፎኑን መስመር ባዶ ይተውና ከላዩ አንዲት ቃል ያኑርበት፦ «ዘራፍ!»