የቃላት ቅደም ተከተልና የሂሳብ ሚዛን፤ የይንግቬ መላምት እንደ ምሳሌ

በባዕድ አገር የተማርን ሰዎች፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር «ወደ ኋላ የሚሄድ» ነው ሲባል በአንድም በሌላም መንገድ ሰምተናል። ገላጩ ከተገላጩ ይቀድማል፤ ግሱ ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ አድማጩም ፍሬ ነገሩን ለማግኘት ደጅ ይጠናል ይሉናል። ተራ ንቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሂሳብ ልብስ ለብሶ ስለቀረበ ታሪኩን መመርመር ይገባናል።

ቪክቶር ይንግቬ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ ኮምፒዩተር ትርጉም ሲመራመሩ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ መላምት አሳተሙ። በመላምቱ መሠረት ተናጋሪ ዓረፍተ ነገሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይገነባል፤ ገና ያልተናገረውን ክፍል በጊዜያዊ ትውስታው ያቆያል፤ ትውስታው ግን ከሰባት ገደማ በላይ አይችልም። ሰባት የምትለው ቁጥር የሥነ ልቡናው ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 ካወጡት ጥናት የመጣች ናት። በዚህ ስሌት ወደ ቀኝ የሚዘረጋ አገባብ ቢረዝምም ቀላል ነው፤ ወደ ግራ የሚዘረጋው ግን በየደረጃው ሸክም ይጨምራል። ማስረጃው በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነበር።

«የወንድሜ ሚስት አባት በቅሎ» እንበል። በይንግቬ አቆጣጠር ተናጋሪው «ወንድሜ» ከማለቱ በፊት ሚስትን፣ አባትንና በቅሎን በልቡ ይዞ መቆየት አለበት። አድማጩስ? ወንድምን ከሚስት፣ ያንን ከአባት፣ ያንንም ከበቅሎ ጋር እያጣመረ ይሄዳል፤ የሚያቆየው ዕዳ የለበትም። (እንግሊዝኛም በአገናዛቢው እንዲሁ ያደርጋል፤ ወደ ኋላ ሄደ ያለው ግን አልሰማንም።) እንግዲህ የተመዘነው ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ የተወሰደ ግምት ነው።

ለእውነት ስንል፣ አማርኛ በእርግጥ የሚከብድበት ቦታ አለ። «ከበደ አስቴር ዓለሙ እንደታመመ እንደሰማች ነገረን» ብንል ሦስት ስሞች ተደርድረው ሦስት ግሶችን ይጠብቃሉ። አንደበቱ የቀና ሰው ግን «ዓለሙ እንደታመመ አስቴር መስማቷን ከበደ ነገረን» ይላል። በመካከል የታቀፈውን ሐረግ አውጥቶ አስቀደመው፤ ማለትም ወደ ግራ ዘረጋው። ጆሯችን ወዲያው ይቀልለዋል። በይንግቬ አቆጣጠር ግን ሸክሙ አይቀንስም፤ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች «ዓለሙ» ላይ ሲደርሱ ሦስት ያልተነገሩ ክፍሎችን ተሸክመዋል።

ጆን ሆኪንስ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ከአድማጩ ወገን ተነሥተው፣ እንደ ጃፓንኛ ግሳቸውን በመጨረሻ በሚያደርጉ ቋንቋዎች ረጅሙ ሐረግ ከአጭሩ መቅደሙ መረዳትን እንደሚያቀልል አስረድተዋል። የዓለሙ ሕመም ከከበደ ስም የቀደመውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።