የነፍስ ወከፍ ወጪ ሲያድግ ከቤት ማን ጎደለ?

የነፍስ ወከፍ ወጪ ሲሰሙት ቀላል ሂሳብ ነው። ቤተሰቡ በዓመት የበላው፣ የለበሰውና ለአገልግሎት የከፈለው በብር ተሰልቶ ለአባላቱ ቁጥር ይካፈላል። ከገዛ ጎተራ ወጥቶ የተበላው ማሽላና ከገዛ ላም የታለበው ወተትም በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይገባል። በጨፋ ሜዳና በቦርከና ዳርቻ ለሚኖር አርሶ አደር ይህ ቀላል ድርሻ አይደለም።

በ1988 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት መሠረት የድህነት መስመሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,075 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም 7,184 ብር ደረሰ። በሃያ ዓመት ውስጥ ወጪው በብር ሰባት እጥፍ ገደማ ያላደገ ሰው ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ያም ሆኖ ከመስመሩ በታች የነበረው ሕዝብ በአገር ደረጃ ከ45.5 ወደ 23.5 በመቶ፣ በአማራ ክልል ከ54.3 ወደ 26.1 በመቶ ወርዷል። በ1977 ዓ.ም ባቲ ላይ የነበረውን የረሃብተኞች ካምፕ የሚያስታውስ ሰው ይህን ለውጥ አያቃልለውም።

ነገር ግን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ኑሮ በክልሉ አማካይ ውስጥ ተውጧል። ዞኑ ደግሞ አማካዩ የማይናገረው ታሪክ አለው፤ እሱም ስደት ነው። ከከሚሴ፣ ከባቲና ከደዋ ጨፋ ወጣቶች በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ባሕር ተሻግረው ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሲጓዙ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ሂሳቡ ይገለበጣል። ስድስት አባላት ያሉት ቤተሰብ በዓመት 60,000 ብር ያወጣል እንበል፤ ለነፍስ ወከፍ 10,000 ይደርሳል። አንዲት ልጅ ዐረብ አገር ስትሄድ ከአባላቱ ቁጥር ትወጣለች። ቤተሰቡ ያንኑ 60,000 ቢያወጣ እንኳ ድርሻው 12,000 ይሆናል። ልጅቱ 20,000 ልካ ለፍጆታ ከዋለ 16,000 ይገባል። በወረቀት ላይ ቤቱ በአንድ ዓመት 60 በመቶ አደገ። ለደላላ የተበደሩትን መክፈል ግን ከፍጆታ አይቆጠርም፤ የእናት ጭንቀትም እንዲሁ።

ስትመለስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የብዙ ቤት ገንዘብ በቆመበት ቀን ተካፋይ ተጨመረ። ልጁ በሕይወት ቤቱ ገባ፤ ቁጥሩ ግን ቤቱን ደኸየ ይለዋል።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ደግሞ የ2008ቱ ጥናት ሊያውቀው አይችልም። በ2013 ዓ.ም በአጣዬና በዞኑ አጎራባች ቀበሌዎች ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ዘለቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚላክ ዶላር በብር ሲመነዘር ከፍ አለ፤ ዘይትና ማዳበሪያም አብረው ተወደዱ።

ስለዚህ «የነፍስ ወከፍ ወጪ አደገ» የሚል ሪፖርት ሲወጣ ሁለት ጥያቄ ይከተለው። በዚያ ብር ስንት ቁና እህል ይሸመታል? ያካፈሉትስ ለስንት ሰው ነው? ልጅ በመጉደሉ ያደገን ቁጥር ልማት ብሎ መመዝገብ፣ የቀጣዩን ልጅ መሄድም እንደ መፍትሔ መቁጠር ነው። ከሚሴ የሚያስፈልጋት ልጆቿ ቤት እያሉ የሚያድግ ድርሻ ነው።