በአንድ ዓመት የተቀረጹ ሁለት ድምፆች፦ የሮክ አልበሙና የዳዊት በገና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አሊዩ አምባችን ከአንኮበር ተራራ ግርጌ ያለች የጥንት የገበያ ከተማ ናት። በሸዋ ነገሥታት ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠውም ሆነ ከሐረር የመጣው ሲራራ ነጋዴ ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት የሚያርፈውና የሚገበያየው በዚህች ከተማ ነበር። አባቶቻችን ከሩቅ የመጣውን ዕቃ ሁሉ ባዕድ ነው ብለው አልመለሱም፤ አሞሌውንም ሳያገላብጡ አልገዙም። ዛሬ ከሩቅ የሚመጣልን ጨው ሳይሆን ዜማ ነው፤ የሚመጣውም በግመል ሳይሆን በእጅ ስልካችን ነው። ስለዚህም በወጣቶቻችን መካከል «እግዚአብሔር በጊታር ቢመሰገን ምን ነውር አለው?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄውን በቁጣ ከመዝጋት ይልቅ በታሪክ መመርመር ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በጦርነትና በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ብዙ ወጣቶች ወደ ክርስትና የተመለሱበት እንቅስቃሴ ተነሣ። ከዘማሪዎቹ አንዱ ላሪ ኖርማን ነበር። እርሱ በ1969 ያወጣው አልበም በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው የክርስቲያን ሮክ አልበም ተብሎ ይጠራል። ርእሱ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ስለ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ከተናገረው ቃል የተወሰደ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሮክ» ዓለትም የሙዚቃ ስልትም ስለሆነ ርእሱ ሰምና ወርቅ አለው። በ1972 ደግሞ ለንደን ውስጥ የተቀረጸውን ዝነኛ አልበሙን አወጣ። የዚህኛው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በዚህች ፕላኔት ላይ እንግዳ ነኝ» እንደ ማለት ነው። በውስጡ የአገሩን ዘረኝነትና ጦርነት ገሥጿል፤ ስለ ጌታ ዳግም ምጽአትም ዘምሯል። ያን ጊዜ ግን ጊታርና ከበሮ የዓለም ናቸው ያሉ ብዙ አማኞች ሥራውን አልተቀበሉትም። ከአርባ ዓመት በኋላ ይኸው አልበም ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ተብለው በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በሚመዘገቡ ድምፆች ዝርዝር ውስጥ የ2013 መዝገብ አካል ሆነ።

በዚያው በ1972 በአገራችን ሌላ ድምፅ ተቀረጸ። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉ አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ ለዩኔስኮ የሸክላ ስብስብ የኢትዮጵያን የአውታር መሣሪያዎች ሲቀርጹ በገናውን የደረደረላቸው የ22 ዓመቱ ወጣት ዓለሙ አጋ ነበር። ዛሬ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ብለን የምንጠራቸው እኒህ ሰው በእንጦጦ ተወልደው በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተቀምጠው በገናን ተማሩ።

እነዚህን ሁለት ድምፆች ጎን ለጎን ስናደርጋቸው የሚያገናኛቸውም የሚለያቸውም ይታያል። የሚያገናኛቸው አሳብ ነው። ሰው በምድር ላይ እንግዳና መጻተኛ መሆኑን ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ፣ ሐዋርያውም ለዕብራውያን በተላከው መልእክት አስተምረውናል። በገና ደርዳሪዎቻችንም የዓለምን ኃላፊነት፣ ሞትንና ንስሓን ከጥንት ጀምረው ሲያዜሙ ኖረዋል። አሜሪካዊው ወጣት በርእሱ የያዘው አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የሚለያቸው መንገዱ ነው። ላሪ ኖርማን ትውልዱ በሚሰማው የዘመን ድምፅ ወንጌልን ሊያሰማ ደከመ፤ ዓለሙ አጋ ደግሞ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ድምፅ ለትውልዱ አደረሱ። በገና በትውፊታችን ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ይዞት የመጣ የዳዊት መሣሪያ ነው። አሥሩ አውታሮቹ በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመሰላሉ። ከበርኩማው ላይ በየአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን ጥልቅ ንዝረት ይሰጠዋል። ድምፁ ሰሚውን ለጭፈራ አያነሣሣም፤ ወደ ልቡ ይመልሰዋል እንጂ። በዐቢይ ጾም ከሌላው ጊዜ ይልቅ የምንሰማውም ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህን ያህል የተከበረው በገና ራሱ በቅዳሴ አይደረደርም። በማኅሌት የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያጅቡት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው፤ የበገና ቦታው የግል ጸሎትና ተመስጦ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ጊታርን ወደ አገልግሎቷ አለማስገባቷ እንጨቱንና አውታሩን ከመናቅ የመጣ አይደለም። በገናም እንጨትና አውታር ነው። ጥያቄው የሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ቦታ አለው፤ የሚመዘነውም ሰሚውን ወዴት እንደሚወስደው ታይቶ ነው።

ነገር ግን ይህን ስንናገር ራሳችንንም እንመርምር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ በገና ከሬዲዮ ተነሣ። ዓለሙ አጋም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ያህል ካስተማሩ በኋላ ማስተማሩን ትተው በንግድ ሥራ መተዳደር ጀመሩ። ባለሙያዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ በየቤታቸው ደርዳሪ የሆኑ አባቶችና እናቶችም ሲያርፉ የሚተካቸው አልነበረም። በገናን ከመጥፋት ያተረፈው ቅጂው ብቻ አይደለም። ሸክላውና ካሴቱ ድምፁን አቆዩ፤ ጣት አውታሩን እንዴት እንደሚይዝ ያቆየው ግን መምህርና ደቀ መዝሙር ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣቶች በገና ሲማሩ የምናየው ያ ሰንሰለት ጨርሶ ስላልተበጠሰ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ጊታርን ነቅፈን በገናን የምናውቀው ግን በስልካችን ብቻ ከሆነ ክርክራችን ባዶ ነው። ያለንን የማናውቅ ከሆንን የመጣውን በምን እንመዝነዋለን? ላሪ ኖርማን እምነቱን ለትውልዱ ለማሰማት የነበረውን ትጋት እንጠይቀው ዘንድ አናፍርም። መንገዱን ባንከተል እንኳ ትጋቱ ይወቅሰናል። ከእኛ የሚጠበቀው አዲስ ድምፅ መፈልሰፍ አይደለም፤ ከአለቃ ተሰማ ወደ ዓለሙ የተላለፈው ወደ እኛም ይደርስ ዘንድ እግራችንን አጥፈን ከመምህር ፊት መቀመጥ ነው። በመጪው ዐቢይ ጾም በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ በገና ቢኖር፣ አንድ ልጅ እንኳ መቃኘት ቢጀምር፣ ለጥያቄያችን ከዚህ ጽሑፍ የተሻለ መልስ ይሆናል።

የቅዱስ ዳዊትና የቅዱስ ያሬድ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።